በየትኛው ጥርሴ

«ከውጭ ነው ከውስጥ?» ብሎ አናጢው ጠይቆኝ ነበር። እኔ ማድ ቤት ድስት እያማሰልኩ፣ ዞር ብዬ እንኳ ሳላየው፣ «ከውጭ እንጂ» አልኩት። የመቀርቀሪያውን ቀዳዳዎች በሳ፤ የእንጨቱን ብናኝ በመዳፉ ጠረገ፤ በሩን ከፈት ዘጋ አድርጎ ሞከረው። ከዚያ አንገቱን ወደ ክፍሉ አስገብቶ ትንሿን አልጋና አንድ ጆሮዋ የተቀነጠሰውን የጨርቅ ጥንቸል ሲያይ ቆየ።

«እህቴ፣ ይሄ የልጅ ክፍል ነው እንዴ?»

«አዎ።»

«መቀርቀሪያው ከውጭ?»

«የልጅ ክፍል ታዲያ ከየት በኩል ይቆለፋል?» አልኩት።

የቀለድኩ መስሎት ሳቀ። ፊቴን ሲያይ ሳቁን ዋጠው። እሱ የታዘዘውን እንደሚሠራ፣ በሰው ቤት ነገር እንደማይገባ እያጉተመተመ ካቻቢቴውን አነሳ። ማማሰያውን አስቀመጥኩ። «ተወው» አልኩት። መቀርቀሪያውን ከነብሎኑ መስኮቱ ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ። ቀዳዳዎቹ ግን ተበስተው ነበር።

እኔ ያደግኩበት ክፍል መቀርቀሪያ ከውጭ ነበር፤ በላዩ ላይ ጓጉንቸር ይንጠለጠልበታል። ከዚያ ወዲህ ስንት ቤት ገብቻለሁ፣ በስንት ሰው ልጅ ክፍል በር አልፌያለሁ፤ አንድም ቀን መቀርቀሪያው የታለ ብዬ አላየሁም። ሰው ያደገበትን ቤት የቤት ሁሉ ልክ ያደርገዋል።

አናጢውን ያስጠራሁት በልጄ ምክንያት ነው። ገና ሦስት ዓመቷ ነው፤ አፏን የፈታችው ዘግይታ ስለሆነ ብዙ አታወራም። ጠዋት ከመዋዕለ ሕፃናቱ ስልክ ተደወለ። እኔ ስልክ ሲጮኽ መጀመሪያ የማስበው ሞትን ነው፤ ባለቤቴ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ገደሉም ግጭቱም ተሰልፎ ይመጣብኛል። መምህርቷ ግን ልጄ አንድ ልጅ መንከሷን ነው የነገረችኝ። ስሄድ የተነከሰውን ልጅ ክንድ አሳየችኝ። ሁለት ትንንሽ ቅስት፣ ፊት ለፊት የሚተያዩ፣ እንደ ተከፈለ ቀለበት። መምህርቷ በዚህ ዕድሜ የሚያጋጥም ነው እያለች ታጽናናኛለች፤ እኔ ግን ዓይኔ ከዚያ ክንድ ላይ አልነቀል አለ። የሆነ ነገር ልክ አልመጣልኝም። ምን እንደሆነ ግን አላወቅኩም። ልጄን ይዤ ወጣሁ። በመንገዱ ሁሉ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ነካሽ ወለድኩ። ነካሽ ደግሞ ይቆለፍበታል።

እኔም ነካሽ ነበርኩ። በእኛ ሰፈር ይህን የማያውቅ አልነበረም።

አባቴ ፀጉር አስተካካይ ነበር። እጁ ለስላሳ፣ አንደበቱ ማር። ደንበኞቹ ምላጩ ጉሮሯቸው ላይ እያለ እንኳ በወሬው ይስቁ እንደነበር ይነገርለታል። ማታ ሲመጣ ሽቶው ቀድሞት ይገባል። ከሽቶው ሥር ሌላ የሚያቃጥል ሽታ አለ፤ እኔ እሱም ሽቶ ነው ብዬ አምን ነበር፤ አንዱ የቀን፣ አንዱ የማታ። የማታውን እወደዋለሁ፤ እሱ ሲሸት አባቴ ይጫወታል። «ነብሬ!» ይልና በብብቴ ይዞ ወደ ላይ ይወረውረኛል። ጣሪያው ፊቴ ድረስ መጥቶ ይመለሳል። ሆዴ ባዶ ይሆናል፤ እጮኻለሁ፤ «ድገመኝ!» እላለሁ።

አክስቴ ይህን አትወድም ነበር። የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ እኛው ጋ ነው የምትኖረው። ጥግ ላይ ተቀምጣ የሰው ልብስ ትሰፋለች። ከንፈሯ መካከል መርፌ ስለማይጠፋ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። እናቴን አንቺ፣ አባቴን አንተ እላለሁ፤ እሷን ግን እርስዎ። ማንም እንዲህ በይ አላለኝም፤ ፊቷ ያስብላል። አባቴ ወደ ላይ ሲወረውረኝ ሥራዋን ጥላ ትነሳና ከሥሬ ትቆማለች። ከአባቴ ልትነጥቀኝ የምታደባ ይመስለኝ ነበር።

እናቴ የሆስፒታል አንሶላና ጋውን አጣቢ ናት፤ የማታ ፈረቃ። ቀን ስለምትተኛ ልጆች የምትጠብቅ ሴትዮ ቤት ታደርሰኛለች። አንድ ጠዋት እዚያ በር ላይ ሌሎች እናቶች ቆመው እያለ እናቴ እጅጌዋን ሰብስባ ጫማዬን ልታስር ጎንበስ አለች። ጠባቂዋ ክንዷን አየችና ምን ሆነሽ ነው አለቻት። እናቴ ቀና አለች፤ እጅጌዋን አወረደች፤ ሳቀች፤ እጇን ራሴ ላይ አሳረፈች።

«ይቺ ናታ! ጥርስ አወጣሁ ብላ ቤቱን ፈጀችው። ትነክሳለች።»

ሴቶቹም ሳቁ። «የእናቷን ሥጋ የበላች የኛንማ...» አለች አንዷ።

እኔ ወደ ላይ አንጋጥጬ እናቴን አየኋት። ስነክሳት አላስታውስም ነበር። ግን እናት አትዋሽም። ስለዚህ ማታ ተኝቼ ነው የነከስኳት ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ስነሳ ምላሴን በጥርሴ ላይ አዞር ነበር፤ የሌሊቱን ሥራ ልቀምስ።

የእናቴ ክንድ ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። በአንድ በኩል አራት ድፍን ጥቁር ክቦች ተደርድረዋል፤ በሌላው በኩል አንድ፣ ከሁሉ ትልቁ። ቅስት የለውም። ጥርስ እንዲያ አያትምም። ይህን ያየሁት በዚያች ጠዋት ነው፤ የገባኝ ግን ዛሬ፣ የሌላ ሰው ልጅ ክንድ ላይ የልጄን ጥርስ ካየሁ በኋላ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ዓይንም እንደዚያው ነው።

ወሬው ልጆቹ ጋ ደረሰ። ስገባ «ነካሿ መጣች፣ እጃችሁን ደብቁ!» ይሉና እጃቸውን በብብታቸው ይወሽቃሉ። ጠባቂዋ ከምንጣፉ አስነስታ የጫማ መደርደሪያው ጋ ብቻዬን በርጩማ ላይ ታስቀምጠኛለች። ብድግ ካልኩ «ሂጂ፣ ቦታሽ» ትለኛለች፤ ለውሻ እንደሚባለው። ቀኑን ሙሉ የልጆቹ ጫማ እየሸተተኝ ሲጫወቱ አያለሁ። አንድ ቀን አንዷ ልጅ፣ ጥርሷ የተፈነቀለ፣ እየተሳበች መጥታ ጣቷን አፍንጫዬ ሥር አቆመችው። «ነክሰሽ አሳዪኝ» አለች። ሌሎቹ ከኋላዋ ትንፋሻቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። በሕይወቴ የሰው ሥጋ የነከስኩት ያን ጊዜ ነው፤ የመጀመሪያዬ። የጠበቁትን ሰጠኋቸው። ልጅቷ ስታለቅስ ጠባቂዋ ጆሮዬን ይዛ አወጣችኝና ለእናቴ፣ «አንቺ ድሮውንም ብለሽን ነበር» አለቻት። እናቴ መሬት መሬት አየች።

ከዚያ ከአልጋ ወደቅኩ። እንዲህ ነው የተነገረኝ። እኔ የማስታውሰው ጣሪያውን ነው። ቅርብ ነበር፤ ከምንጊዜውም ቅርብ። የማታው ሽቶ ቤቱን ሞልቶት ነበር። ከዚያ የአክስቴ ጩኸት፣ ከዚያ ነጭ ነገር፣ ከዚያ ክንዴ ደረቴ ላይ ታስሮ ነቃሁ። ከአንገቴ ሥር ያለው የትከሻ አጥንት ተሰብሮ ነበር። እናቴ፣ «ከአልጋ ወድቀሽ ነው፣ እሺ? ሰው ቢጠይቅሽ ከአልጋ ወድቄ ነው በይ» አለችኝ። ማንም አልጠየቀኝም።

በዚያው ሳምንት መቀርቀሪያው በሬ ላይ ተመታ። አክስቴ ራሷ ናት በመዶሻ የመታችው። ጓጉንቸሩን ስታንጠለጥል ቁልፉን በክር አስራ አንገቷ ውስጥ ከተተችው። እናቴ ለፈረቃዋ ስትወጣ አክስቴ ታስገባኛለች፤ ከውጭ ቀጭ ይላል። በበሩ ሥር ባለው ክፍተት ጥላዋን አያለሁ። ምንጣፍ ዘርግታ ደጃፉ ላይ ተጋድማ ትተኛለች፤ የተሰነጣጠቀ ተረከዟ ይታየኛል። ለምን እንደታሰርኩ ማንም አልነገረኝም፤ መንገርም አላስፈለገም። ልጅ ነክሻለሁ። የሚነክስ ውሻ ይታሰራል።

አክስቴን የጠላኋትን ያህል ሰው ጠልቼ አላውቅም። በበሩ ሥር ምራቄን እተፋባት ነበር። እሷም ዝም ብላ ትጠርገዋለች፤ ወይ «ተኚ፣ አንቺ ሰይጣን» ትላለች።

አንድ ማታ፣ ገና ልትቆልፍብኝ በሩን ስትስብ፣ እጇን ያዝኩና የሌባ ጣቷን ነከስኩ። ባለኝ ኃይል ሁሉ። አልጮኸችም፤ በሌላ እጇ ግንባሬን ገፋ አድርጋ አላቀቀችኝና ቆለፈች። ብዙም ሳይቆይ አባቴ መጣ። ሽቶው በበሩ ሥር ገባ። ድምፁ ከማር ይጣፍጥ ነበር።

«ነብሬ፣ ተኛሽ? ነይ ክፈቺልኝ፣ አባባ እንጫወት ይላል።»

«ቆልፋብኝ ነው!» አልኩ። «አባዬ፣ እሷ ናት የቆለፈችብኝ! በላት!»

ይኸው ነው ያልኩት። በላት። ከዚያ በሩ ጓ ጓ አለ፤ የሆነ ነገር ወደቀ፤ በክፍተቱ ተረከዝና ጫማ ተደበላለቁ። አባቴ አለቀሰ። አክስቴ ግን ድምፅ አልነበራትም። ስለዚህ የምትደበድበው እሷ ናት፣ የሚደበደበው አባቴ ነው ብዬ ደመደምኩ፤ እኛ ልጆች የምናውቀው ደንብ፣ የሚያለቅሰው ተመቺው ነው። ቁልፉ ግን አልተከፈተም። ጠዋት እናቴ ስትከፍትልኝ አክስቴ የሌባ ጣቷን በጨርቅ ጠቅልላ ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር። አየሁትና ደስታም ድንጋጤም ያዘኝ። የእኔ ሥራ ነው። ሰበርኩት።

ጣቱ ጠማማ ሆኖ ቀረ። መርፌ መያዝ አቃታት፤ ደንበኞቿ ጨርቃቸውን ይዘው ወደ ሌላ ሄዱ። ለእኔ ጀምራው የነበረው ቀሚስ እጅጌው ሳይገባለት ሳጥን ውስጥ ቀረ። ለቅጣት ነው አልኩ። ብዙም ሳይቆይ አባቴ ከቤት ጠፋ፤ ያንንም በአክስቴ ላይ ጻፍኩት። ከዓመታት በኋላ ሲሞት እንኳ በቀብሩ ላይ ዓይኗ ደረቅ ነበር። እኔ አፈር እስክቅም እያለቀስኩ እሷን ነበር የማያት።

እንግዲህ አናጢው ከወጣ በኋላ ስልክ የደወልኩት ለእሷ ነው። ከመቼ ወዲህ እንደተደዋወልን አላውቅም።

«ማን ሞተ?» አለች፣ ሰላም ሳትለኝ።

ማንም እንዳልሞተ፣ አንድ ነገር ልጠይቃት እንደፈለግሁ ነገርኳት። በስልክ የሚጠየቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አይደለም አልኩ። ዘጋችብኝ። ሳይመሽ በሬን ስታንኳኳ ነጠላ ጫማዋን በፌስታል ይዛ ነበር። የመመለሻ ታክሲ ስለማይገኝ ታድራለች፤ አስፈቅዳ አልነበረም። ቤቱን እንደ ገምጋሚ ዞረችው፤ ሶፋው ለምን በር ጋ እንደሆነ፣ ልጅቷ ለምን እንደከሳች ጠየቀች። ከዚያ መስኮቱ ላይ ያለውን መቀርቀሪያ አየች። አነሳችው። ዞር ብላ በሩን አየች፤ ጠማማ ጣቷን በአንዱ ቀዳዳ ላይ አሳረፈች።

«ማን ሊመጣባት ነው?»

«ማንም አይመጣባትም።»

«አባቷስ?»

«መንገድ ላይ ነው። ቢኖርም እሱ ዝንብ አይገድልም።»

«እኔም ወንድሜን እንደዚያ እል ነበር።» መቀርቀሪያውን በእጇ መዘነችው። «ማንም ካልመጣባት ታዲያ ለማን ነው?»

«ትነክሳለች» አልኳት።

ዞር ብላ አየችኝ። መርፌ ከንፈሯ መካከል ያለ ይመስል ነበር።

«የሚነክስ ልጅ ይቆለፍበታል ያለሽ ማነው?»

«እርስዎ ነዎታ። እኔን አልነበር የቆለፉብኝ? ጣትዎን ሰብሬዎት የለ?»

ጣቷን ወደ መብራቱ አነሳችው። የሌላ ሰው ዕቃ እንደምታይ አየችው። ከዚያ ሳቀች፤ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው ስትስቅ ሳያት፤ ምንም ደስ አይልም።

«አንቺ? በየትኛው ጥርስሽ? የወተት ጥርስ እኮ ነበረሽ። ደረቅ ዳቦ እንኳ ውሃ እየነከርኩ ነበር የማበላሽ።»

ቁጭ አለችና ነገረችኝ፤ ድምፅዋን ዝቅ ሳታደርግ፣ የገበያ ዋጋ እንደምትናገር። አባቴ ቁልፉን ከአንገቷ ሊነጥቅ ሲል በእጇ ጨብጣ ያዘችበት። ጣቶቿን አንድ በአንድ ሊፈለቅቅ ሞከረ። አንዱ አልፈለቀቅ ሲለው ወደ ኋላ አጠፈው። ሲሰበር እሱ ነው ያለቀሰው። ይቅርታ እያለ እግሯ ላይ ተደፋ፤ ሁልጊዜም እንደዚያው ነበር። ከዚያ ማታ በፊት ደግሞ እኔን ወደ ላይ ወርውሮ አልቀለበኝም። እሷ ከሥር ቆማ ነበር፤ ፈጥና አልደረሰችም።

«ታዲያ ለምን ከውስጥ አልሆነም?» አልኳት። «መቀርቀሪያው ለእሱ ከሆነ ለምን ከውስጥ አልተመታም? እኔው እቆልፍ አልነበር?»

«አንቺማ ትከፍቺለት ነበር» አለች። «ነብሬ ካለሽ ለማን አትከፍቺም?»

ልክ ናት። እከፍት ነበር። ተሽቀዳድሜ፣ በርጩማ ላይ ወጥቼ።

እናቴስ፣ እሷንም ይመታት ነበር አልኩ። ያ የጠቆረው ክንድ የማን ነበር ታዲያ አለችኝ። እኔ ነክሻት እንደሆነ ስትናገር እንደሰማሁ ነገርኳት። አክስቴ መቀርቀሪያውን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«ምን ትበል? ሰው ፊት ጠየቋት፤ አንቺ አጠገቧ ቆመሻል። ልጅ አይከሰስ፣ ልጅ አይታሰር። አንቺ ላይ ጣለችው። ሥራ ቦታም እንደዚያው ስትል ከረመች። ይቺ ልጅ ትሰማለች ብያታለሁ። ልጅ ይረሳል አለችኝ።»

«እርስዎስ ለምን አልነገሩኝም? ይኼን ሁሉ ዘመን?»

«ጠየቅሽኝ?» አለች። መቀርቀሪያውን ጭኗ ላይ እያዞረች፣ «እሱን ትወጂው ነበር። በዚያ ቤት አንድ የምትጠይው ሰው መኖሩ ካልቀረ እኔው ልሁን አልኩ። ለምጄውም ነበር።»

አልተቃቀፍንም። እንዲህ ያለ ነገር ከተነገረ በኋላ ሰዎች ይተቃቀፋሉ ይባላል፤ እኔ ግን ተናድጄ ነበር። በሙት እናቴ፣ በሙት አባቴ፣ እዚህ ተቀምጣ ሶፋዬን በምታማ አሮጊት። ለማን እንደምጮኽ ስላላወቅኩ ሰሃን ማጠብ ጀመርኩ።

ልጄ ያን ጊዜ ከክፍሏ ወጣች። የአክስቴን ፌስታል አየችና ጎተተችው። አክስቴ አልለቀቀችም። ልጄ ፊቷ ቀላ፤ እግሯን መታች፤ ከዚያ አፏን ከፍታ ጠማማውን ጣት ጎረሰች። ሳሙናው እጄ ላይ እንዳለ ሮጥኩ።

«ተይ፣ ቁሚ!» አለችኝ አክስቴ፤ እኔን። ለልጄ ደግሞ፣ «ንከሺው። እሱ የሞተ ነው፣ አይሰማውም። ፌስታሉን ግን በጥርስ አልሰጥም። በአፍሽ ጠይቂኝ።»

ልጄ ጣቱን እንደጎረሰች ቀና ብላ አየቻት። እንዲህ ያለ ተነካሽ ገጥሟት አያውቅም። ቀስ ብላ ጣቱን ተፋችው።

«ጫማ» አለች።

«የማን ጫማ?»

«ያንቺ። ስጪኝ።»

አክስቴ ነጠላ ጫማዎቹን አውጥታ ሰጠቻት። ልጄ አድርጋቸው በቤቱ ውስጥ ጧ ጧ እያለች ዞረች። «አፏ ሲፈታ ጥርሷ ያርፋል» አለች አክስቴ፣ ወደ እኔ ሳትዞር። «አንቺ ግን አፍሽን ሳትከፍቺ ሌላ ሰው ተናገረብሽ።»

መቀርቀሪያውን ወስጄ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት። ቆይቼ ደግሞ ልጅ እንዳታወጣው ብዬ በጋዜጣ ጠቅልዬ መልሼ ጣልኩት። እኔ እንዲህ ነኝ። ቀዳዳዎቹን ነገ በሰም እደፍናለሁ፤ ዛሬ በእነሱ የክፍሏ መብራት ወደ ሳሎን ያጮልቃል።

ልጄ እንቅልፍ ሲጥላት ለአክስቴ ሶፋው ላይ አነጠፍኩላት። አየችው፤ ምንጣፉን ጎትታ የልጄ በር ጋ ልትዘረጋ ጎንበስ አለች። ሰውነቷ ነው ያዘዛት፤ እሷ ያሰበችበት አይመስለኝም። ምንጣፉን ከእጇ ወሰድኩ። «እዚያ አይተኙም» አልኳት። ልትቆጣኝ አፏን ከፈተች፤ ሳትቆጣ ቀረች። ወደ ክፍሉ አስገባኋትና ከልጄ አልጋ አጠገብ ፍራሽ ዘረጋሁላት። በሩን ከኋላዬ ገርበብ አድርጌ ተውኩት።

ከዚያ የውጭውን በር ልቆልፍ ሄድኩ። እንደ ልማዴ እጀታውን ደጋግሜ ሳብኩት።

«ዘጋሽ?» አለች ከውስጥ።

«ዘግቻለሁ።»

«ቁልፉን የት አደረግሽው?»

እጄን ወደ አንገቴ ወስጄው ነበር። ቁልፉን መልሼ የበሩ ቁልፍ ቀዳዳ ውስጥ ሰካሁትና አንድ ጊዜ አዞርኩት።

«በሩ ላይ ነው» አልኳት፤ «ከውስጥ።»